መቀነቱ የያዘው ትንፋሽ

ልጄን ሳል የያዛት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጣሊያን ከተማውን ይዞ ነበር። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል እንኖር ነበር፤ የምናበስለውም የምንተኛውም እዚያው። አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም የየዘሩን ሳንባ እየለካ ይመዘግባል ተባለና የግቢያችን እናቶች ልጆቻችንን ይዘን እንድንቀርብ ታዘዝን። የሚያስል ልጅ ካገኙ ነጥለው ይወስዳሉ የሚል ወሬም አብሮ መጣ።

ያን ጠዋት ደረቷን ቅቤ ቀባሁና መቀነቴን ፈትቼ ከብብቷ እስከ ወገቧ አሰርኳት። እኔም ልጅ ሆኜ ሲያስለኝ እናቴ እንዲሁ ታደርገኝ ነበር፣ ብርድ እንዳይገባ። እኔ ግን ሳሉም እንዳይወጣ ብዬ አጠበቅሁት።

ጎረቤቴ፣ የወሎ ሴት ናት፣ ልጇን ይዛ አብራኝ መጣች። ከመቀነቱ በላይ ቀሚሷን ሳለብሳት አይታኝ ነበር።

«እቴ፣ ልጅቷን አህያ ላይ የሚጫን ዕቃ አስመሰልሻት እኮ!»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

ሐኪሙ የነበረው ጣሊያኖች ቤት በሚሠሩበት ሜዳ፣ በኋላ ካዛንቺስ በተባለው ሰፈር፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አስተርጓሚው መዝገቡን ገልጦ ጠየቀኝ።

«ዘሯ ምንድን ነው?»

«አባቷ የመንዝ ሰው ነው፤ እኔ ጉራጌ ነኝ።»

«አንዱን ንገሪኝ። ለሁለት ቦታ የለውም።»

«እንግዲህ ልጄን ከየት ላይ ልቁረጣት?»

ጎረቤቴ ሳቀች። ልጄ በአባቷ ዘር፣ መንዝ ተብላ ተጻፈች።

ሐኪሙ ከትልቅ ጣሳ ጋር የተያያዘ የጎማ ቱቦ አፏ ላይ አደረገላት። ስትነፋ ጣሳው ላይ ያለው የመለኪያ መርፌ ጥቂት ከፍ አለና ቆመ። ራሱን ነቅንቆ ጻፈ።

«የዚህ ዘር ሳንባ ትንሽ ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። «አፈጣጠሩ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ሂጂ።»

እጇን ይዤ ወጣሁ። ማንም አልነጠቀኝም። በሩን እንዳለፍን ግን፣ «እማዬ፣ ፍቺኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ» አለችኝ። ከንፈሯን አየሁት፤ ጠቁሯል። በሽታዋን ደብቄ መድኃኒቱንም እንደከለከልኳት ያን ጊዜ ገባኝ።

ተመለስኩ። «ጌታዬ፣ ዘሯ አይደለም፤ ያሰርኳት እኔ ነኝ» ብዬ መቀነቱን ፈታሁት። ልጄ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ሐኪሙ አልሳቀም። እንደገና አስነፋት፤ መርፌው ከፍ አለ። ከዚያ ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እኔ የመቀነቱን ጫፍ ይዤ ቆሜአለሁ።

«ቤታችሁ ይጨሳል ወይ ይልሻል።»

«ይጨሳል። የዚህችም ቤት ይጨሳል፤ የእሷም ልጅ ያስለዋል። ዘራችን ቢለያይ ጭሳችን አንድ ነው።»

«የእኔን ምን አነሳሽው!» ብላ ጎረቤቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

ክፉው የሳንባ በሽታ አይደለም አለን። ለሁለቱም ልጆች የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠን፤ እሳቱን ከቤት አውጡ አለ። ባለቤቴ በማግስቱ ግድግዳውን ነድሎ መስኮት አወጣ፤ ምድጃውን እኔ ደጅ አወጣሁት። ለገና ልጄ ሳታስል ማደር ጀመረች።

ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ የቀረ ነው፤ የሐኪሙን ጽሕፈት አላውቀውም። የተሰረዘና ያልተሰረዘ ግን እለያለሁ። ሁለተኛውን የትንፋሿን ልኬት ከፊተኛው ሥር ሲጽፍ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያውን አልሰረዘውም። እስከ ዛሬ ያሳስበኛል፤ እዚያ መዝገብ ላይ የመንዝን ሰው ሁሉ ሳንባ ያሳነሰው የእኔ መቀነት እንዳይሆን።