የዋንዛው መዝጊያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከደብረ ታቦር ገበያ ሦስት ጊዜ የሚዞር ቁልፍ ገዝቶ መጣ። «አባዬ፣ ሌባ በዝቷል» አለኝ። «ሌባ ከዚህ ቤት የሚያገኘው የእኔን ሪህ ነው፤ ይዞልኝ ከሄደ ደግሞ እመርቀዋለሁ» ብዬ አሳቅሁት። በሩን መብሳት ሲጀምር ግን የእኔ ሳቅ ደረቀ።

በጣሊያን ጊዜ፣ ጢሜ ይብቀል አይብቀል ሲያመነታ፣ እኔም በር አዋቂ ነበርኩ።

ቤታችን ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ያኔ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ደጁ ላይ ዱላ አጋድሞ ይሄዳል። ዱላ ካለ ባለቤቱ የለም ማለት ነው፤ ማንም አያልፈውም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን ችግሩ ጠናና ዱላውን ተራምዶ የሚገባ መጣ። የጎረቤታችንን የእትዬ ጥሩን ባቄላ በጠራራ ፀሐይ ጠርገው ወሰዱት። የእኛ የሸንበቆ መዝጊያ ደግሞ ዶሮ እንኳ ገፍታው የምትገባ ነበር።

ስለዚህ ተነሳሁ። ከወደቀ ዋንዛ ሳንቃ ጠረብኩ፤ ከወይራ መቀርቀሪያ አወጣሁ። ምስማር ከየት ይምጣ? ጣሊያን መንገድ በሚያሠራበት ቦታ ድንጋይ ስሸከም ውዬ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁ። ሌባ ለመከልከል ሰረቅሁ ማለት ነው። ይህ አልበቃኝ ብሎ የምስማሮቹን ራስ በአመድ ወለወልኩት፤ ብልሃቴ ከመንገድ እንዲታይ።

አባቴ የገብስ እሸት እያሹ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንተ፣ ይሄ ሁሉ ብረት ምን ሊጠብቅ ነው?»

«ቤቱን ነዋ፣ አባባ!»

«ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እናትህ ነን። ማን ይሰርቀናል?»

እናቴ ከጓሮ ሰምታ «አንቱን የሚሰርቅ ቢገኝማ ስንቅ ጨምሬ እሸኘዋለሁ!» አለች። ሦስታችንም ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባንዶች በመንገዱ ሲያልፉ ያ ብልጭልጭ ጠራቸው። አለቃቸው ምስማሩን በጣቱ እየነካካ፣

«ባላገር እንዲህ ያለ በር ምን ያደርግለታል? ጠመንጃ ነው የደበቃችሁት?» አለ።

«ገብስና እኛ ነን ያለነው» አሉ አባቴ።

ፈተሹ። ገብስና እኛ ብቻ ነበርን። ባዶ እጁን መሄድ ያናደደው አለቃ ወደ በሩ ተመለሰና «ይሄ ምስማር የመንግሥት ነው። ማነው የሰረቀው?» አለ።

አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው አላዩም። «እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ፣ ሰርግም ለቅሶም ላይ ሰው አላስወራ የምለው አፈኛ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል አጣሁ።

የአባቴን እጅ የፊጥኝ አስረው መዝጊያውን ከመቃኑ ነቀሉና በጀርባቸው ጫኑባቸው። ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ ምስማሮቹ በፀሐይ እያብለጨለጩ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ታዩኝ። ለምን ወለወልኳቸው? ከዚያ ወዲህ አባቴንም መዝጊያውንም ያየ የለም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሌላ መዝጊያ ልሠራ መቃኑን ስለካ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተው ልጄ። አባትህ ሲመጡ ዘግተን ያግኙን?»

እስክትሞት ድረስ ደጃፉ ላይ ቁርበት ሰቅላ የጉናን ብርድ ቻለችው።

ልጄ ገጥሞ ሲጨርስ «ይሞክሩት» አለኝ። ሦስት ጊዜ አዞርኩት፤ ጥርቅም አለ። ሦስት ጊዜ መልሼ ፈታሁትና «ደረሰኙን እንዳትጥለው» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።