ከተካሰሱ ቤቱ የእድሩ ነው

እናቴ ቤቷን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ በስጦታ ያስተላለፈችው በሕይወት እያለች ነው። ካርታው በሁለታችን ስም ሆነ። ውሉ ላይ ግን አንድ ግዴታ አስጽፋበታለች፤ በዚህ ቤት ጉዳይ አንዳችን ሌላውን ከከሰስን ስጦታው ይፈርሳል፣ ቤቱም ለሰፈሩ እድር ይሆናል። ልጆቿን ታውቅ ነበር። እኔ ግትር ነኝ፣ እሱ ደግሞ ሳይጠይቅ የሚሠራ።

እሷ ካረፈች ወዲህ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ባለው ግቢያችን የምንጣላው በሹክሹክታ ነው። ጎረቤቶቻችን በሙሉ የእድሩ አባላት ስለሆኑ፣ ድምፃችን ከፍ ካለ ቤታችንን በዓይናቸው የሚለኩት ይመስለኛል። በመብራት ቆጣሪው እንኳ ጥርሳችንን ነክሰን ነው የተነታረክነው። ላየን ሰው የፍቅር ወሬ የያዝን እንመስላለን።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ የውሃ ታንከር ገዝቶ መስኮቴ ፊት ተከለው። ክፍሌ ጨለመ። ተናግሬ ተናግሬ ሲታክተኝ ግቢው መሃል ቆምኩና፣ "በቃ፣ ፍርድ ቤት እንገናኝ" አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

"ቤቱን ሊረከቡን ነው" አለኝ ወንድሜ። ፊቱ አመድ መስሏል። መንገድ ሲሰፋ እንኳ የተረፈ ቤት በአንድ ታንከር ሊሄድ ነው።

ዳኛው ገና ሳይቀመጡ፣ "ልጄ፣ ከሰስሽ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ አልከሰስኩም አባባ። ማለቴ፣ በንዴት ያልኩት ነው።"

"ተመስገን" ብለው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

ወንድሜ አላስችል ብሎት፣ "ቤቱ ለእድሩ ቢሆን ደስ አይልዎትም?" አላቸው።

"ምኑ ደስ ይላል? 'እድሩ እህትና ወንድም አጣልቶ ቤት በላ' ተብሎ በየለቅሶው ሊወራብን? እናታችሁ ይህን ስታስጽፍ እኔን አማክራኛለች። ለአንድ ዘመድ ይሁን ብላት እምቢ አለች። 'ዘመድ ደስ ብሎት ይወስደዋል፤ እናንተ ግን መውሰዱን ታፍሩበታላችሁ፣ ስለምታፍሩም ታስታርቋቸዋላችሁ' አለችኝ። እናንተን ብቻ ያሰረች መስሏችሁ ነበር?"

የዚያኑ ዕለት ውሃውን አፍስሰን ታንከሩን ባዶ አደረግነው። ሽማግሌዎቹ እያዘዙ፣ እኔና ወንድሜ ተሸክመን ወደ ጓሮ አዞርነው። መንገድ ላይ ሳቅ ይዞን ደጋግመን አስቀመጥነው። እናቴ እንደዚያን ቀን ናፍቃኝ አታውቅም።