የጋሽ ሙሄ ዓሦች ተርፈዋል

ጋሽ ሙሄ አረፈ ሲሉኝ ወሬው አልዋጥ አለኝ። ትናንት ከሰዓት እኮ፣ በሽታው ቢጸናበትም፣ ትራሱን ደገፍ ብሎ ሲያሾፍብኝ ነበር።

ለማታውቁት፣ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ነው። ቤቱ ውስጥ ኪሊፊሽ የሚባሉ፣ ትንሿን ጣት እንኳ የማያክሉ ዓሦች ያረባ ነበር። የሚያስመጣቸው ከአፋር በረሃ ነው። በባቲ በኩል የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎማ ሊያስጠግን ሲቆም፣ ስትመለስ ከዚያ ከሞቀው ኩሬ ትንሽ ዓሣ በጠርሙስ ይዘህልኝ ና ይለዋል። ሹፌሮቹ ይስቁበታል፤ ግን ያመጡለታል።

የመጡትን ወዲያው ገንዳው ውስጥ አይጨምርም። የገንዳውን ውሃ በሲኒ እየቀዳ ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጋል። እኔ ስቸኩል እጄን ይዞ፣ "ሱታ፣ ሱታ። ቀስ በል፣ ውሃውን ይልመዱት" ይለኛል።

ባለቤቱ እትዬ ዘሃራ ዓሦቹን "ጣውንቶቼ" ነበር የምትላቸው። እንቁላል የሚጥሉበት የሱፍ ክር አጣሁ ብሎ አዲስ ሹራቧን ተርትሮባታል፣ ታዲያ ምን ትበል?

ለዚህ ነው ትናንት ልሰናበተው ስነሳ ጠጋ አድርጎ፣ "እኔ የሞትኩ ቀን ዘሃራ ትደፋቸዋለች። ቶሎ ድረስላቸው" ያለኝ።

ዛሬ ስደርስ ለለቀስተኛ ቦታ ሲለቀቅ የወጣው ገንዳ አጥሩ ሥር ባዶውን ተደፍቷል። አንድ ነገር አደራ ብሎኝ እሱንም አልቻልኩም አልኩ።

እትዬ ዘሃራን ጓዳ አገኘኋት። ሴቶቹ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ፣ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ውሃ በሲኒ ታንጠባጥባለች። ዓሦቹ ሳፋው ውስጥ ይዋኛሉ። ጎረቤቶቹ ገንዳውን ሳያነሱት ቀድማ አውጥታቸው ኖሯል።

ቀና ሳትል፣ "ሱታ፣ ሱታ ሲል ስሰማው አይደል የኖርኩት?" አለችኝ።

እፎይ ብዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው ለራሱ ለጋሽ ሙሄ እንባዬ የመጣው።

ጋሼ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀብረንህ ተመለስን። ያ ሁሉ ስቃይም አለቀልህ፣ አልሐምዱሊላህ። ዓሦችህን ልውሰድ ብላት ዘሃራ አልሰጥም ብላኛለች፤ ስለዚህ አታስብ። አንተም አዲሱን ቤትህን ቀስ ብለህ ልመደው።

ሱታ፣ ጋሼ። ሱታ።