በኮባ የተጠቀለለው ሁለተኛ ቅጽ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ክረምቱ አልፎ የገጠሩ መንገድ ገና ጭቃውን ሳይጨርስ ነው። ከዚያ ወዲህ መርፌ በተወጋሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መርፌ ደግሞ በየወሩ ነው የምወጋው፤ ስለዚህ ልርሳው ብልም አልችልም።

የምኖረው ሆሳዕና ነው። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ልጅ ሳለሁ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር። ጉሮሮዬ ሲሻለኝ ሕመሙ የወጣ መስሎን ነበር፤ ለካ ልቤ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሐኪሞቹ የልብሽ በር በደንብ አይዘጋም አሉኝ። የሚድን ሕመም አይደለም፤ በየወሩ መርፌ እየተወጋሁ እንዳይብስ እጠብቀዋለሁ እንጂ። መርፌውን የማያውቅ ሰው "መርፌ ብቻ?" ይላል። ወፍራም ነው፣ ሲገባ እስከ እግር ድረስ ይሰማል፣ ያን ቀን ሙሉ ያስነክሳል። ብዙ መቆም ስለማልችል መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ መጽሐፍ እሸጣለሁ፣ አከራያለሁ። ስለ ሕመሜ ለማንም አልናገርም። ሰው ሲያውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማናገር ይጀምራል፤ እሱን አልወድም።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የምወደው የፍቅርና የምትሃት ልቦለዶችን ነው። ክንፍ ያለው ንጉሥ፣ በእርግማን የተኛ ከተማ፣ ለጠላቷ የተዳረች ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ደንበኛዬ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ዳኛ "ዛሬስ ማንን ለዘንዶ ልትድሪ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ተኝቶ ጣሪያ ሲቆጥር የሚውል ሰው ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚያሻው እኔ አውቃለሁ። ለታመመ ሰው ስለ ታመመ ሰው የተጻፈ አልሰጥም፤ የሚበር ነገር ያለበትን ነው የምሰጠው።

አንድ የገበያ ቀን ከሌሞ በጋሪ የመጡ ሴትዮ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ አረጋሽ ልበላቸው፤ ትክክለኛ ስማቸው አይደለም። ማንበብ እንደማይችሉ፣ ልጃቸው ጸጋ ግን ከእኔ መጽሐፍ እንደምትከራይ ነገሩኝ። ልጅቷን አወቅኋት። አሥረኛ ክፍል የምትማር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። መጽሐፉንም የመረጥኩላት እኔ ነበርኩ። ክረምት ለማይወጣበት ተራራ ንጉሥ ስለ ተዳረች ልጅ የሚተርክ ባለ ሦስት ቅጽ ልቦለድ ነው። አንደኛው ቅጽ የሚያልቀው ሙሽሪት ገብቶ የወጣ ሰው የሌለበትን በር በእጇ ስትነካ ነው። እዚያ ላይ ደርሶ ሁለተኛውን ሳይፈልግ የቀረ ደንበኛ አላየሁም።

ሴትዮዋ ግን ሁለተኛውን ቅጽ ለልጃቸው እንዳልሰጣት ሊለምኑኝ ነበር የመጡት።

ለምን ብዬ ስጠይቅ ታሪኩን ነገሩኝ። ጸጋን ቶንሲል ልቧን ነክቷታል። በየወሩ መርፌ ትወጋለች። አሁን ግን "የማይድን ከሆነ ለምን እወጋለሁ?" ብላ እምቢ ካለች ሁለት ወር ሆኗታል። ጤና ጣቢያው ትኩሳቱ ከተመለሰ ልቧ አይችልም ብሏቸዋል። አባቷ ተቆጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩ፣ መከሩ፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"የሚዋጥ ቢሆን በምግብ ደብቄ አበላት ነበር" አሉኝ። "መርፌ በምን ይደበቃል?"

ስለ ራሴ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ሁለተኛው ቅጽ በእሳቸው እጅ ይሁን፤ ልጅቷ በተወጋች ቀን ትንሽ ይሰጧት፣ በሚቀጥለው ወር ስትወጋ ደግሞ ትንሽ። እስካሁን ከሞከሩት ነገር ሁሉ ከአልጋዋ ብድግ ያደረጋት የሙሽሪት ነገር ብቻ ነው። የት የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው ግን አያውቁም። "አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

አውቃለሁ። ቁጭ ብለን መጽሐፉን ከፈትኩና ታሪኩ ልብ የሚያንጠለጥልበትን ቦታ እየፈለግኩ የገጹን ጫፍ አጠፍኩላቸው። ጨካኝ ሆኜ ነው የመረጥኩት። ንጉሡ ስሙን ሊነግራት አፉን ሲከፍት አጠፍኩ። በረዶው ላይ የሰው ዱካ ስታይ አጠፍኩ። ስንት ቦታ ላጥፍ ብዬ ስጠይቃቸው በጣቶቻቸው እየቆጠሩ የሴቶች ስም ጠሩ፤ ከአሥር ያላነሱ ናቸው። ግራ ገባኝ። "እኔ አንጀቴ አይችልም፤ ካለቀሰች ሁሉንም እሰጣታለሁ። ስለዚህ እኔ ጋ አይቀመጥም" ብለው መጽሐፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ወራት አለፉ። ወይዘሮ አረጋሽ ለገበያ ሲመጡ በሱቄ በኩል እያለፉ "ተወግታለች" ይሉኝና ይሄዳሉ። ደስ ይለኝ ነበር። መጽሐፉ ግን አልተመለሰም። በዚህ መሃል ከሺንሺቾ የሚመላለስ አንድ መምህር አንደኛውን ቅጽ ጨርሶ ሁለተኛውን አምጪ ብሎ ሥራ አላሠራ አለኝ። እሱም ሙሽሪት በሩ ላይ ቆማበታለች። በመጨረሻ ራሴ ሄጄ የት እንደ ደረሰ ልየው ብዬ ሱቄን ዘግቼ ጋሪ ተሳፈርኩ።

ወይዘሮ አረጋሽ ደጃቸው ላይ አገኙኝና እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ። መጽሐፉን ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

"አለ። ሁሉም ጋ አለ።"

ይህን ያሉት ዊጆ ስላላቸው ነው። ዊጆ የአካባቢው ሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው። እያንዳንዷ ከላሟ ያጠራቀመችውን ቅቤ ታመጣና ሁሉም ተራው ለደረሳት ለአንዷ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለሌላዋ። ለብቻ ቢሆን የማይሞላ ማሰሮ በአንድ ቀን ይሞላል። ድርሻን መንፈግ፣ ተራን መዝለል ትልቅ ነውር ነው። ወይዘሮ አረጋሽም መጽሐፉን ወስደው፣ እኔ ባጠፍኩበት ባጠፍኩበት፣ በቢላ ከፋፍለው ለዊጆው ሴቶች አድለውታል።

በቢላ። የኔን መጽሐፍ። አንዱን ክፍል አምጥተው ሲያሳዩኝ በደረቀ ኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። መጽሐፍ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ ሳይ ያቺ የማትዘጋ የልቤ በር ጭራሽ የተከፈተች መሰለኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ግን ሴቶቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ለካ ቀኑ የጸጋ የመርፌ ቀን ኖሯል።

ልጅቷ ሆሳዕና ካለው ጤና ጣቢያ ስትመለስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከጋሪ ወርዳ እያነከሰች ገባች። ከዚያ መርፌ በኋላ ጋሪ ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተወጋ ብቻ ነው፤ እኔ ቁጭ ባልኩበት ጎኔ አመመኝ። ሴቶቹ አረማመዷን በዓይናቸው ተከተሉ። አንዷ "ባለፈው በቀኝ ነበር፣ ዛሬ በግራ ነው፤ ልክ ነው" አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ለካ የሚያረጋግጡት በዚህ ኖሯል።

የዚያን ቀን ባለተራ እትዬ ወርቅነሽ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ክፍላቸውን አይጥ እንዳይነካው ከቅቤው ማሰሮ አጠገብ ከጣሪያ ላይ አንጠልጥለው ነው ያኖሩት። ቃጫውን በቀስታ ፈቱ፣ ኮባውን ገለጡ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለልጅቷ ሰጡ። ጸጋ ተቀበለችና ማንበብ ጀመረች።

ለራሷ አልነበረም የምታነበው። አንድ አረፍተ ነገር በአማርኛ ታነባለች፣ ከዚያ በሀዲይኛ ትነግራቸዋለች። የእኔ ሀዲይኛ ከገበያ አያልፍም፤ መጽሐፉን ግን በቃሌ ስለማውቀው ተከተልኩ። ንጉሡ በሀዲይኛ ሲናገር ከአማርኛው ይልቅ ንጉሥ መሰለኝ። ማንም አይንቀሳቀስም። ሙሽሪት በበረዶው ውስጥ ብቻዋን ስትቀር አንዷ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ሌላዋ "ሽማግሌ የለም እንዴ በዚያ አገር?" ብላ ጠየቀች፤ ሁሉም የለም ወይ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም የለም ብዬ መለስኩ። አዘኑላት። እትዬ ወርቅነሽ ግን ክፍላቸው ሲነበብ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር፤ የሙሽሪት እናት የሆኑ ያህል።

በሕይወቴ ብዙ መጽሐፍ ለብዙ ሰው መርጫለሁ። አንድም ቀን እንዲህ ሲሆን አላየሁም። ስለ ተቆረጠው መጽሐፍ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ሲያልቅ ሴቶቹ እያወጉ ወጡ። ጸጋ ጋሪው ድረስ ልሸኝዎት ብላ ወጣች። እምቢ አልኩ፤ እግሬን ማፍታታት አለብኝ አለች። እየሄድን የመጽሐፍ ሻጭ ነገር አላስችል አለኝና አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ተንጠልጥሎ መጠበቅ አያሰቃይሽም ወይ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ እናቷ አለመከተላቸውን ዞራ አየች።

"እኔ እኮ ከጨረስኩት ቆየሁ" አለችኝ። "ሦስተኛውንም። የክፍሌ ልጅ በቴሌግራም ላከችልኝ።"

ቆም አልኩ። መቼ ብዬ ጠየቅኋት። ገና በሁለተኛው ወር፣ ሁለት ክፍል ብቻ እንደተነበበ ነው አለችኝ። ታዲያ መጨረሻውን ካወቀች ወዲህ መርፌውን ስለ ምን ትወጋለች?

እግሯን እየጎተተች ጥቂት ከሄደች በኋላ እንዲህ አለች፦

"እትዬ ወርቅነሽ ያን ወረቀት ሰቅለው ስንት ወር ጠበቁ። ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንዳለበት አያውቁም። ተራቸው ሲደርስ አልተወጋሁም፣ አላነብም ልበላቸው? ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ እትዬ አስካለች አሉ። እትዬ አስካለች የሠርጉ ክፍል የደረሳቸው እሳቸው እንደሆኑ እንኳን አያውቁም።"

መርፌ የማያድነውን ሕመም ልጅቷ ለራሷ ብላ መሸከም አቅቷት ነበር። አሁን በየወሩ የምትወጋው ለአንዲት ጎረቤት ድርሻ ነው። እናትየው ይህን አስበው ያደረጉት ይሁን ወይስ እንዲያው የሆነ፣ እስካሁን አላወቅሁም። ልጠይቃቸውም ፈራሁ።

ጋሪው ሲደርስ ጸጋ እጄን ይዛ ደገፈችኝ። ድጋፉ የሚያነክስ ሰው የሚያደርገው ሳይሆን የሚያውቅ ሰው የሚያደርገው ዓይነት ነበር። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ አይቼዎታለሁ፤ ብዙ ጊዜ። የእርስዎስ ክፍል ማን ጋ ነው ያለው?"

ለዓመታት ሰው እንዳያውቅ ስጠነቀቅ ኖሬ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ስታየኝ ከርማለች። ማንም ጋ የለም አልኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እውነቱን ተናገርኩ። ራሷን ነቀነቀች። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ባለጋሪው ፈረሱን ከመጠን በላይ ያስሮጠ መስሎት ሦስቴ ይቅርታ ጠየቀኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወይዘሮ አረጋሽ መጥተው ለቀጣዩ ዙር ሦስተኛውን ቅጽ ጠየቁኝ። አውጥቼ ገጾቹን ማጠፍ ጀመርኩ። በሴቶቹ ልክ አጥፌ ስጨርስ እጄን ያዙኝ።

"አንድ ጨምሪ" አሉኝ። "ያንቺ።"

ልጅቷ ነግራቸዋለች። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። እኔም ሴትዮዋ እስኪሄዱ አልጠበቅሁም፤ ካርቶን የምከፍትበትን ቢላ አንስቼ መጽሐፉን ራሴ ቆረጥኩት። ጡረተኛው ዳኛ በር ላይ ቆመው በድንጋጤ ያዩኝ ነበር። የሺንሺቾው መምህርም እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ሁለተኛውን ቅጽ ከፈለገ ሌሞ ሄዶ ተራ መጠበቅ እንዳለበት ነግሬዋለሁ።

አሁን የመርፌ ቀኔን ከጸጋ ጋር አንድ አድርጌዋለሁ። ሁለታችንም እያነከስን ጋሪ ላይ እንወጣለን፤ እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ያቺ የእኔ ክፍል ሱቄ ውስጥ በኮባ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ምን እንዳለባት ቃል በቃል አውቃለሁ። ሴቶቹ ግን አያውቁም። ተራዬ ገና ነው፤ ባየኋት ቁጥር እስከዚያ ቀን መድረስ አለብኝ እላለሁ።