በጽሑፍ የተጠየቅሁት ዝምታ

ይህን የምጽፈው ሰዎች ስለ እኔ የሚያወሩት ከሆነው ነገር ስለ በለጠ ነው። በሆሳዕና ገበያና በሺንሺቾ መንገድ የሚነገረው፣ በጸሎት ቤት ውስጥ ቆሜ ንጉሠ ነገሥቱን በድፍረት እንደ ተቃወምሁና በዚያ ምክንያት እንደ ታሰርሁ ነው። አልተቃወምሁም። አልቆምሁምም። ተንበርክኬ ነበር፤ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። የታሰርሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወጣቶች ድፍረታቸውን በሐሰት ታሪክ ላይ እንዳይገነቡ፣ የሆነውን እንደሆነው ማስቀመጥ ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከከምባታ አገር የአዲሎ ልጅ ነኝ፤ በሆሳዕና አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ጸሎት ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ከእንሰት ተክል ጀርባ ያለች ባለ ቆርቆሮ ቤት ናት። ልማዳችን ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ መጸለይ ነው። ለዝናብ በጸለይን ቀን ድምፃችን ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አገሩ ሁሉ ተከፋፍሎ ነበር። ከአዲስ አበባ የተማሪ ሰልፍና የዱላ ወሬ ይመጣል። በገጠራችን ጭሰኛና ባለርስት ዐውድማ ላይ ይፋጠጣሉ። በጸሎት ቤታችን ሳይቀር ሃዲያውና ከምባታው በየትኛው ቋንቋ ጸሎት ይመራ በሚል ተኳርፈው፣ አግዳሚ ወንበር ለይተው መቀመጥ ጀምረዋል። በአውራጃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንድ ጸሐፊ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ ሊሰማ አይገባም ይል ነበር። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከእኔ ጎን፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል።

አንድ እሑድ ሽማግሌያችን ተነሡ። እኚህ ሰው ስለ እምነታቸው ሁለት ጊዜ ታስረው ሳንባቸው የተጎዳ አዛውንት ናቸው፤ ሲናገሩ በየመሐሉ ያስላቸዋል።

«ዛሬ ለአገራችን እንጸልያለን» አሉ። «በሃዲይኛ ብንጀምር ከምባታው ይቀየማል። በከምባትኛ ብንጀምር ሃዲያው ያኮርፋል። በአማርኛ እንዳንል እናቶቻችን አይሰሙም። እግዚአብሔር ሳንናገር ያውቃል። ተንበርከኩ፤ ዝም ብለን እንጸልይ።»

ተንበረከክን። ቤቱ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የእንሰቱ ቅጠል ከግድግዳው ጋር ሲተሻሽ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ዐይኔን ስገልጥ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ ፊታችንን አንድ በአንድ ይመለከት ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ፖሊሶች ክፍል ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። ጠመኔውን በእጄ እንደያዝሁ ነበር የወጣሁት።

የገባሁበት ክፍል ጠባብ ነው። ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ የአንድ ጡብ ያህል፣ ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ በጀርባ ላብ የወዛ ነበር። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸው እንዳይነካካ ሰብስበው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበረ። እዚያ ተቀመጥሁ።

በቀኝ ያለው ከፎንቆ አካባቢ የመጣ ሃዲያ ጭሰኛ ነው፤ ቀኝ ክንዱ በእንጨትና በጨርቅ ታስሯል። በግራ ያለው ያንኑ ጭሰኛ የሚያሳርሰው ባለርስት ወኪል ነው። ነገራቸውን ወዲያው ተረዳሁ። ገበሬው ከእህሉ ለባለርስቱ የሚገባውን ሲሶ አልሰጥም ብሏል፤ ወኪሉ በዱላ ክንዱን ሰብሮታል፤ ፖሊስ ሁለቱንም አንድ ላይ ወርውሯቸዋል።

ወኪሉ መጀመሪያ ተናገረኝ። «መምህር ነህ መሰለኝ። ሃዲይኛ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለዚህ ሰውዬ እግሩን እንዲሰበስብ ንገርልኝ።»

ገበሬው ሳልናገር በአማርኛ መለሰ። «አንተ መምህር፣ ለዚህ ሰውዬ እግሬ የራሴ ነው በለው። ሲሶውን አልሰጥም።»

«እግሩን ማን ጠየቀው በለው» አለ ወኪሉ።

«ምን አውቃለሁ በለው! እህል ጨርሶ ወደ እግር ይመጣል።»

ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቋንቋ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ወኪሉ እዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ነው። ቢሆንም ፊት ለፊት ላለመነጋገር ምለዋል፤ እኔም ሳልፈልግ አስተርጓሚያቸው ሆንሁ።

ከቀትር በፊት ወደ መቶ አለቃው ተወሰድሁ። አልመታኝም፤ አልጮኸብኝም። ጠረጴዛው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበረ። ጽሑፉን ዐወቅሁት፤ የጸሎት ቤቱን ቃለ ጉባኤ የሚጽፍልን የዚያ ጸሐፊ እጅ ነው። ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝና ስሜ ሰፍሮበታል።

«ለዝናብ ስትጸልዩ ገበያተኛው ይሰማችኋል» አለኝ መቶ አለቃው። «ለአገር ሲሆን ምን አፋችሁን ያዘው? የንጉሠ ነገሥቱ ስም እንኳ አልተጠራም።»

«የማንም ስም አልተጠራም፣ ጌታዬ። ጸሎቱ በልባችን ነበር።»

«እኮ! እኔም የምፈልገው በልብህ የነበረውን ነው።» ባዶ ወረቀትና እርሳስ ገፋልኝ። «በዝምታው ጊዜ ያልኸውን ጻፍ። ከሥሩ ዝም በሉ ብሎ ያዘዘውን ሰው ስም ጻፍና ፈርም። አንድ ምስክር አለኝ፤ ሁለተኛ ያስፈልገኛል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከፈረምህ ነገ ክፍልህ ትገባለህ።»

«ባልፈርምስ?»

«ወደ ትልቁ ወህኒ የሚሄድ መኪና ጠዋት ይነሣል።»

የአዛውንቱ ሳል በጆሮዬ ነበር። ሦስተኛ እስር እንደማይችሉ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ወኪሉ ጠየቀኝ። «ምን አድርገህ ነው አንተ?»

«ዝም ብዬ።»

«እሺ ዝም አልህ፤ ምን አድርገህ ነው?»

«እሱ ነው። ዝም በማለቴ ነው የታሰርሁት። አሁን ዝም ያልሁትን እንድጽፍ ታዝዣለሁ።»

ገበሬው መጀመሪያ የሰማውን ያመነ አልመሰለም። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የተሰበረ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ሳቀ። ወኪሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሊደብቀው ሞከረ፤ አልቻለም። «እኔ የታሰርሁት በዱላ ነው፤ እሱ በአፉ ነው» አለ ወኪሉ እንባውን እየጠረገ። «የአንተ ግን ምን ይባላል?» አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው የገበሬው ሚስት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ለወኪሉ ሦስት ቀን ሙሉ ከባለርስቱ ቤት የመጣ አልነበረም። መምጣቱንም መጠየቅ አቁሟል፤ በሩ ሲከፈት ግን አንገቱን ቀና ያደርጋል። ገበሬው ቆጮውን በግራ እጁ በጥንቃቄ ሦስት ቦታ ቈረሰ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ሌላውን መሬት ላይ፣ ቅጠሉ ላይ እንዳለ፣ ወደ ግራው ግድግዳ ገፋ።

«አንተ መምህር፣ ሲሶህ ይኸው በለው።»

አላስተረጐምሁም። ወኪሉ ቅጠሉን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ አነሣና በሃዲይኛ፣ በቀጥታ፣ «ክንድህን ያምሃል?» አለው።

«ያማል» አለ ገበሬው።

ዕርቅ አልነበረም፤ ሲሶው አሁንም ሲሶ፣ ክንዱም የተሰበረ ነበር። እግራቸውን ግን ዘረጉ።

እርሳሱን ይዤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልጻፍሁም። ውሸት መጻፍ አልፈለግሁም፤ ስለዚህ በዚያ ዝምታ በእርግጥ ምን እንዳልሁ ማስታወስ ነበረብኝ። ያስታወስሁትም አሳፈረኝ። ለተማሪዎቹ ጸልዬ ነበር። ለጭሰኞቹ ጸልዬ ነበር። ለከምባታ ምእመናን፣ ለወገኖቼ፣ ከሁሉ አስበልጬ ጸልዬ ነበር። ለባለርስት፣ ለፖሊስ፣ ከጎኔ ቀና ብሎ ለሚያየኝ ሰው አንዲት ሐሳብ አላወጣሁም። ተንበርክኬ አገሬን እንደገና ከፍዬአት ነበር፤ በጸሎት።

ይህን ለሁለቱ ነገርኋቸው። ለምን እንደ ነገርኋቸው አላውቅም።

«ታዲያ አሁን ጨርሰው» አለ ገበሬው።

ወኪሉ ተነሣ። እሱ የተዋሕዶ ልጅ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አማተበና ቆመ። ገበሬው ባለበት ዐይኑን ጨፈነ። እኔ ተንበረከክሁ። ማንም በየትኛውም ቋንቋ አልተናገረም። ውጭ የፖሊሶቹ በቅሎ ገለባ ስታላምጥ ይሰማ ነበር።

ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየን አላውቅም። በሩ ሲከፈት መቶ አለቃው ነበር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

የመለሰለት ወኪሉ ነው፤ ፊቱን ሳያዞር። «ዝም ብለናል፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው ወደ እኔ እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱን።»

ለመጻፍ ትንሽ ጊዜ ለመንሁት። ቆሞ ጠበቀኝ። ግድግዳው ላይ አስደግፌ በክፍል ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ፣ ፊደሉን ሳላጣምም ጻፍሁ። «እሑድ ዕለት ለአገሬ የጸለይሁት ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ጨርሻለሁ። በዚህም ንጉሠ ነገሥቱና ይህን የሚያነብቡት መቶ አለቃ ይገኙበታል። ዝምታውን ያዘዘውን ሰው ዐውቃለሁ፤ አልጽፍም።» ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምሁ።

አነበበው። መልሶ አነበበው።

«አልጽፍም ማለትህ እንደሚያስቀጣህ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ። ለዚህ ነው የፈረምሁት።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ጠዋት በመኪናው ወሰዱኝ። ገበሬው በግራ እጁ ጨበጠኝ፤ ወኪሉ ሻርቡን አውልቆ አንገቴ ላይ ጣለው።

አዛውንቱ አልተጠሩም፤ ሁለተኛ ምስክር አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። እኔ ስፈታ ወደ ማስተማር አልተመለስሁም፤ ስሜ ከመዝገብ ተሰርዞ ነበር። የገበሬው ክንድ ተጣምሞ እንደ ገጠመና እርፍ መያዝ እንዳልቻለ ከሚስቱ ሰማሁ። ጸሐፊው ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጸሎት ቤት አልመጣም። ቤቱ ሄጄ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳክቻለሁ፤ ውስጥ እንዳለ እየሰማሁ አልከፈተልኝም። ሦስተኛም አንኳኳለሁ።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል፤ የተከፋፈልንባቸው ስሞችም ተለውጠዋል። በጸሎት ቤታችን በዓመት አንድ እሑድ ለአገራችን ዝም ብለን እንጸልያለን። ወጣቶች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ ከማልወዳቸው ሰዎች እጀምራለሁ፤ ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም።

የጠፋው ይህ ነው። አምስት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን በወህኒ። አንድ የመምህርነት ሥራ። አንድ ቀኝ ክንድ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ሰው።