አክስቴና ጆሮው የተቀደደው አጋዘን

ልጅ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ቤድፎርድ ከነበረው አፓርታማችን ጀርባ የግሪሉ ፍም ሊከስም ሲል፣ አክስቴ ውድነሽ የአደን ወሬዋን ትጀምር ነበር። ያኔ፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አክስቴ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ አውቶቡስ ትነዳለች፤ በእረፍቷ ቀን ደግሞ ከፎርት ዎርዝ ወዲያ ባለው የአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መሬት ላይ፣ እሳቸው ባስተማሯት ቀስት አጋዘን ታድናለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሴት ልጅ ጫካ ምን ትሠራለች?» ይሏት ነበር። እሷ ግን ጭሱን በእጇ እያባረረች ትቀጥላለች።

«ወጣቱ አጋዘን የሚያስበው በሆዱ ነው፤ ትልቁ በአፍንጫው። ነፋሱ ከኔ ወደ እሱ ከሄደ ቁርሴን ሳይቀር ያውቃል።»

አንድ ጆሮው የተቀደደ አውራ አጋዘን ነበር፤ ሁለት መኸር አምልጧታል። በሦስተኛው «እኔንም ውሰጂኝ» አልኳት።

አባቴ ሳቀ። «እትዬ፣ ይቺ ስብከት እስኪያልቅ እንኳ አርፋ አትቀመጥም። አጋዘኑን ታባርርብሻለች።»

«እቀመጣለሁ» አልኩት።

«ኦኬ፣ እናያለን» አለ አባቴ።

ሳይነጋ ሽማግሌው መሬት ደረስን። አክስቴ ነፋሱን አይታ ቅርቡን የአደን ማማ ተወችና በአንድ ደረቅ ወንዝ ዞረን ሩቁ ማማ ላይ ወጣን። ወጣት አጋዘኖች ከማማው ሥር መጥተው ፍሬ ለቀሙ፤ ቀስቷን አላነሳችም። እግሬ ደነዘዘ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ አልጠረግኩትም። በዚያው መሬት የሚያድኑ ሌሎች ሰዎች ለምሳ ሲወጡ የመኪናቸው ድምፅ ተሰማን። «ይሄን ሰዓት እሱም ያውቀዋል» አለች በሹክሹክታ።

እውነትም ጆሮው የተቀደደው መጣ። ድንገት ቆሞ ቀጥ ብሎ አየን። ፊቱን ወደኛ እንዳዞረ ቀስት መወርወር አይቻልም። ጉንዳን አንገቴ ላይ ወጣ፤ የአባቴ ሳቅ ትዝ አለኝና ጥርሴን ነከስኩ። ብዙ ቆየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጎኑን ሰጠን፤ አክስቴ ቀስቷን ሳበች።

ትንሽ ሮጦ ከአንድ ጥድ ሥር ወድቆ አገኘነው። እጄን ይዛ ጎኑ ላይ አሳረፈችው፤ ገና ይሞቅ ነበር።

አባቴ ከቤት ወጥቶ አጋዘኑን በመጣንበት የጭነት መኪና ላይ ሲያየው፣ አክስቴ «ልጅህ ባትቀመጥ ኖሮ ይሄ የለም» አለችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ፈታልኝ።

ትዕግስት የገራም ሰው ነገር ነው ሲባል ዛሬም አልስማማም። ያን ቀን ማማው ላይ ያስቀመጠኝ ገራምነት አልነበረም፤ እልህ ነበር።