በዕዳ የተሠራው ሐኪም ቤትና የተዘጋው በር

ባለፈው ሐሙስ ማምሻውን፣ ምጥ የያዛትን ሚስቴን በቃሬዛ አሸክሜ ሸዋ በር ስደርስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ...

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በሳንቃው ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ፣ ከበሩ ማዶ የአዲሱ ሐኪም ቤት ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አምና ነጋሪት ተመትቶ አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ በጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ለቤት ማዋለድ ክልክል ነው፤ ወላድ ሁሉ መንግሥት ከግንቡ ውጭ ወዳሠራው ሐኪም ቤት ትሂድ፤ እምቢ ብላ ያዋለደች ትታሰራለች ተባለ።

ሐኪም ቤቱ የተሠራው ከባሕር ማዶ ነጋዴ በተበደሩት ብር ነው። ለብድሩ መያዣ የተሰጠው ደግሞ የከተማው በሮች ቀረጥ። ከሶፊ ጫት የሚያመጣው፣ ከድሬ ጠያራ ማሽላ የሚጭነው፣ እንጨት ተሸካሚዋ ሳትቀር ጨምራ ትከፍላለች። ያም አልበቃ ሲል ሌላ ብድር ተጨመረ። አበዳሪውም ሸክም ሳይቀረጥ ሾልኮ እንዳይገባ የራሱን ቀራጭ አስቀመጠ፤ ቀራጩም በሮቹን በጊዜ እየቆለፈ ቁልፉን ሁሉ ይዞ ቤቱ መግባት ጀመረ።

እኔ ሐኪም አልጠላም። ሐኪሙ ይምጣ፣ የፈለገ ይሂድለት። ግን አዲሱን ለመትከል ነባሩን መንቀል ምን አመጣው? ጎረቤታችን አይ ዘይነብ (በከተማችን ቋንቋ «አይ» እናት ማለት ነው) ሠፈሩን ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው። እናቴ ከሸዋ መጥታ እዚህ ስትወልደኝ፣ እኔንም የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። አዋጁ ከወጣ ወዲህ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ያን ቀንም ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ከቃሬዛው ኋላ ይከተሉ ነበር።

ዘበኛውን «ክፈት!» አልኩት።

«ቁልፉ ቀራጩ ጋ ነው ወንድሜ።»

«ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው! እሷም ትቀረጣለች?»

«እኔ ምን ላድርግ... በሩ በዕዳ ከተያዘ ወዲህ የእኛ መሆኑ ቀርቷል እኮ።»

አንዱን ቃሬዛ ተሸካሚ ወደ ቀራጩ ቤት አስሮጥኩት። «ነገ ጠዋት» የሚል መልስ ይዞልኝ መጣ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

ሚስቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አትለምናቸው... አይ ዘይነብን ጥራልኝ» አለች።

አይ ዘይነብ ቀድመው አጠገቧ ተንበርክከዋል። «ይታሰራሉ እኮ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ዓይኔ እያየ ብትሞት ለአላህ ምን እመልሳለሁ? ዘወር በል!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ጋረዱ። ዘበኛውም ጋቢውን አውልቆ ሰጠና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ልጁ በእግሩ ነበር የሚመጣው። አይ ዘይነብ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ሲታገሉ እሰማለሁ።

ቆይቶ ልጁ አለቀሰ።

«አልሐምዱሊላህ! ወንድ ነው» አሉ። ሰው ይሰማናል ብለን እልል ለማለት እንኳ ፈራን።

ፍርሃታችን ግን አልጠቀመንም። ወሬ አቀባይ መቼ ይጠፋል? በማግስቱ አይ ዘይነብን ከቤታቸው አውጥተው ወሰዷቸው። እኔም ሮጬ ከዳኛው ፊት ቆምኩ።

«ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድካትም?» አለኝ።

«በሩ ተዘግቶ ነበር ጌታዬ።»

«ሳይዘጋ አትመጣም ነበር?»

«ምጥ ነጋሪት አስመትቶ አይመጣም ጌታዬ።»

የቆመው ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። ሁለት ነፍስ ባተረፉት አሮጊት ላይ የገንዘብ ቅጣት ጣለ። እኔም ዋስ ሆኜ አስፈታኋቸው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ... ምን እላለሁ?

ስወጣ ግን አላስችል ብሎኝ ጸሐፊውን ቅጣቱ ለማን እንደሚገባ ጠየቅሁት።

«ለሐኪም ቤቱ ዕዳ ነዋ!»

«ዕዳው መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እኛማ አንጨርሰውም፣ ልጆቻችን ይጨርሱት ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

ልጄ ይኸው ደህና ነው፣ እየጠባ ነው። ሳይወለድበት ለቀረው ቤት እስኪሸመግል ይከፍላል።